እስከ ሰባተኛው ጥላ

ከድጃ ደውላ «አባባ ወደ አኼራ ሄደ» ስትለኝ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነበር። ሰመራ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ለአንድ ሾፌር የመንጃ ፈቃድ ፎቶ እያተምኩ ነበር። ሥራዬን አላቋረጥኩም። ፎቶዎቹን ቆረጥኩ፣ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፣ ለሾፌሩ ሰጠሁት። ሲወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከድጃ የምትኖረው አዋሽ ነው፤ አባቷ ጋሽ ይመርም የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፉት ከእሷ ጋር ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። ከሰመራ አዋሽ ቅርብ መንገድ አይደለም። ቀብራቸው ላይ እንደማልደርስ እያወቅኩ ነው በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ የተሳፈርኩት።

መንገዱን ሙሉ ስለ ጋሽ ይመር ሳስብ ነው የሄድኩት። እሳቸውን ሰመራና ሎግያ ላይ የማያውቅ አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። የሻይ ቤቱ፣ የጎማ ጥገናው፣ የመድኃኒት መደብሩ በር ላይ ያለው ጽሑፍ የእሳቸው እጅ ነበር። ከወሎ በወጣትነታቸው ወርደው፣ የጽሕፈት ሥራ የጀመሩት ሰርዶና ዲቾቶ ላይ በሚያድሩ ተሳቢዎች በር ላይ የባለንብረት ስም በመጻፍ ነው። ጽሕፈታቸው ከማማሩ የተነሳ ሾፌሮች ጉዟቸውን አዘግይተው ተራ ይጠብቁ ነበር ይባላል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ስለሆኑ ግማሹን ብቻ አምኛለሁ።

አንድ ነገር ግን አይስሉም ነበር፤ ሩህ ያለው ነገር። ሰው፣ ከብት፣ ወፍ፣ ዓሣ፣ ምንም። አባታቸው ቁርኣን የሚያስቀሩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ከቤት ሲወጣ ቀኝ እጁን ይዘው፣ «ቀለም መንካትህ ይሁን፤ ከዚህ እጅ ግን ሩህ ያለው ነገር እንዳይወጣ» ብለው ቃል አስገቡት። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ጋሽ ይመር ይህን ሲያወሩ፣ «ሰውየው ቢኖር ኖሮ ሄጄ እከራከረው ነበር። አሁን ከማን ጋር ልከራከር?» ይሉና እጃቸውን ገልበጥ አድርገው ያዩታል።

አንዴ አንድ የሻይ ቤት ባለቤት ግድግዳው ላይ ግመል እንዲስሉለት ለመናቸው። እንቢ አላሉትም። ሦስት ቀን ሠርተው ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ የነበረው ሰፊ አሸዋ፣ አንድ ኮርቻ፣ የተጠቀለለ ገመድና የግመል ዱካ ነው። ሰውየው ብዙ ቆሞ አየና «ግመሉስ?» አላቸው። «አሁን አለፈ» አሉት። ሰዎች ያንን ያለፈ ግመል ለማየት ሲሉ ብቻ ሻይ ይጠጡ ነበር።

ታፔላቸውን ሁሉም ያውቃል፤ የውሃ ቀለማቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። ወደ መንገዱ ሥራ ከመምጣታቸው በፊት አንድ የጥጥ እርሻ ላይ ሠርተው ነበር። እዚያ የመስኖ ቦይ ካርታ የሚሠራ ሰው ካርታውን በውሃ ቀለም ጥላ ሲሰጠው አይተው ልባቸው ቀረ። ከሰውየው የወረሷት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ዐሥራ ሁለት ቀለማት ነበሩ። ዐሥሩ ሳይነኩ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። የሚጠቀሙት በሁለቱ ብቻ ነው፤ በጥቁር ሰማያዊና በጥቁር ቡና ዓይነት። ሁለቱን ሲቀላቅሏቸው ለጥቁር የቀረበ አንድ ቀለም ይወጣል፤ ውሃ ሲያበዙበት ደግሞ እንደ ጉም ይሳሳል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ኮረብታውን፣ ግራሩን፣ ተራ ይዘው የቆሙትን ተሳቢዎች ይስላሉ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ያቆማሉ። «ቀትር ላይ እዚህ አገር ምንም አይታይም» ይላሉ፤ «ፀሐይዋ ሁሉንም እኩል አድርጋ ትመታዋለች።»

የእሳቸውን ሱቅና የእኛን ፎቶ ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ስሜ ትዕግሥት ሆኖ ሳለ «ፎቶ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ ሰፈሩም ተከተላቸው። ሥራዬ ማንሳትና ማተም ብቻ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ፊት ማጽዳትም ነበር። ብጉር አጠፋለሁ፣ የፀሐይ ምልክት አጠፋለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አቀላለሁ። «ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» የማይለኝ ደንበኛ አልነበረም። ሳይጠይቁኝም አደርገው ነበር፤ እጄ ለምዶት ነበር። ጥቁር ሆኖ የገባ ሰው ጠይም ሆኖ ይወጣል፤ ጠይሙ ቀይ ይሆናል። ሁሉም ደስ ብሎት ይከፍላል። እኔም ሰው ያስደሰትኩ መስሎኝ በሥራዬ እኮራ ነበር።

አንድ ጠዋት ሻይ ይዤላቸው ገብቼ የሚሠሩትን ሳይ እግሬ ተተከለ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግን ኮረብታው ሩቅ ነው፣ የመኪናው ጎን ቅርብ ነው፣ መሬቱ ላይ ጧት አለ። አስተምሩኝ አልኳቸው። አንድ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አነሱ፤ ሰባት ሳጥን አሰመሩበት። የመጀመሪያውን ባዶ ተዉት። ሰባተኛውን ጭልም እስኪል ቀቡትና «መሐል ያሉትን አምስቱን ሙዪያቸው። ደረጃ መውረድ ነው፤ እግር የሚያደናቅፍ እንዳይኖርበት» አሉኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ሳምንታት ፈጀብኝ። የውሃ ቀለም እርጥብ ሳለ ጥቁር ይመስላል፤ ሲደርቅ ገርጥቶ ሌላ ሰው ይሆናል። የሰመራ ሙቀት ደግሞ ብሩሹ ከጫፍ ጫፍ ሳይደርስ መነሻውን ያደርቀዋል፤ የተቆራረጠ መስመር ጥሎ ይሄዳል። እሳቸው ወረቀቱን የረጠበ ጆንያ ላይ ዘርግተው ነበር የሚሠሩት። ለእኔም ግማሹን ጆንያ ቀደው ሰጡኝ። እንደዚያም ሆኖ ከአራተኛው ሳጥን በኋላ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆኑብኝ ነበር።

«ፎቶ፣ አንቺ ጥቁር ትፈሪያለሽ» አሉኝ አንድ ቀን።

«አልፈራም።»

«ትፈሪያለሽ። አራተኛው ላይ ስትደርሺ እጅሽ ውሃ ይጨምራል። አይቼሻለሁ።»

ሲያስተምሩ ብዙ ቃል አያወጡም። ነጭ ቀለም በሳጥናቸው ውስጥ አልነበረም። «ነጩን አትቀቢውም፤ ትተዪዋለሽ። ወረቀቱ ራሱ ነው ብርሃኑ። አንዴ ከነካሽው በኋላ ብትለምኚውም አይመለስልሽም።» ጥላን መለካት ሲፈልጉ ዓይናቸውን ከፊል ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ። ዓይን ሲጠብ ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋና ብርሃኑና ጥላው ብቻ ይቀራሉ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚጠቁር ያኔ ይታያል። ልማድ ሆኖባቸው ሰውንም እንደዚያ ያዩ ነበር። የታፔላ ዋጋ ሊከራከር የመጣ ሁሉ የተናቀ ይመስለው ነበር።

ሐሊማ የመጣችው ሳጥኖቼን መሙላት በተማርኩ ሰሞን ነው። ከአዳይቱ የመጣች የአፋር ሴት ናት፤ ቀጥ ያለች፣ አነጋገሯ ቁጥብ። የተሰነጠቀ ስልክ ከጨርቅ ፈትታ ሰጠችኝ። ውስጡ አንድ ፎቶ አለ። ልጇ ሙሳ ሾፌር ነበር። ሰርዶ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ዓመት ሊሆነው ነው። ፎቶውን ያነሳው ጓደኛው ዲቾቶ ላይ በቀትር ነው። ከጀርባው ሰማዩ ነጭ ብሎ ተቃጥሏል፤ የሙሳ ፊት ግን ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው። ዓይን የለው፣ አፍ የለው።

«ሌላ የለም» አለችኝ። «ድምፁ አለኝ። ፊቱ ግን እየሄደብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን በፊት ይመጣ ነበር፤ አሁን አይመጣም። ሲሞት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ልጁ ተወልዷል። አድጎ አባቴ የቱ ነው ሲለኝ ይሄን ነው የማሳየው?»

ኮምፒውተሩ ላይ አስገብቼ ብርሃን ጨመርኩበት። ጥቁሩ ወደ አመድ ተለወጠ እንጂ ፊት አልወጣም። ስልኩ ያልያዘውን ኮምፒውተር ከየት ያመጣዋል? እሷ አየችውና ስልኳን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። ያኔ ነው በገዛ አፌ «ነገ ተመለሺ፤ ስዬ እሰጥሻለሁ» ያልኳት። ቆም ብላ አየችኝ። «ከነገ ወዲያ ጧት መኪና አለኝ። ዝናብ ዘንቧል ይላሉ፤ ቤተሰቡ ከከብቱ ጋር ሊነሳ ነው። ከሄድን መቼ እንደምመለስ አላውቅም» አለችና ስልኩን ትታልኝ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ሳልኩ። ቅርጹን ከስልኩ ወሰድኩ፤ የጠፋውን ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ከራሴ ሞላሁ። ለስላሳ ጥላ፣ ክብ ጉንጭ፣ ንጹሕ ግንባር። እውነቱን ለመናገር እኮራበት ነበር። በማግስቱ ሐሊማ መጥታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ቆንጆ ልጅ ነው» አለች። «የማን ነው?»

እያሾፈች አልነበረም። በእውነት ነው የጠየቀችኝ።

ጋሽ ይመር ከግድግዳው ወዲያ ሰምተዋል። ገቡ፤ ሥዕሉን ከእጇ በትሕትና ተቀበሉ፤ ዓይናቸውን አጠበቡ። ከዚያ «ያቺን ወረቀትሽን» አሉኝ። የሰባቱን ሳጥኖች ቁራጭ አመጣሁ። ፊቱ ላይ አስጠግተው እያንቀሳቀሱ፣ ከግንባር ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ አንገት፣ አንድ በአንድ ለኩት።

«ሦስት» አሉ። «ከፀጉሩ በቀር ከሦስት የወረደ ጥላ የለውም። ይሄ ልጅ ጥቁር አልነበረም እንዴ እናቴ?»

«እንደኔ ነው» አለች ሐሊማ። «ሰው ሁሉ ፊትሽን ሰጠሽው ይለኝ ነበር።»

ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ ድምፃቸው ግን ከፍ አላለም። «ለመንጃ ፈቃድ የሚመጡት ቀላ አድርጊኝ ብለው ይለምኑሻል፤ ይሁን። ይሄኛው መቼ ለመነሽ?»

እፍረቴ ንዴት ሆኖ ወጣ። «እንግዲያው እርስዎ ይሳሉታ» አልኳቸው። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሐሊማ ቃል ኪዳናቸውን አታውቅም። «አንተ ታውቃለህ ማለት ነው» አለቻቸው። «ሳልልኝ።» ጋሽ ይመር ተቀመጡ። የአባታቸውን ነገር፣ የሰጡትን ቃል፣ ምንም ሳይደብቁ ነገሯት። አዳመጠቻቸው። ሙስሊም ናት፤ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። «ገባኝ» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። ሁለተኛ አልለመነቻቸውም። ብትለምናቸው፣ ብታለቅስባቸው ይሻላቸው እንደነበር ፊታቸው ላይ አየሁ።

የዐስርን ሶላት ሰግደው ሲመለሱ ሐሊማ ገና አልሄደችም፤ ደጃፉ ላይ ጥላው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። «ነገ ከሱብሒ በኋላ ኑ» አሉን። «እጄ አይገባበትም። ዓይኔን ግን አውሳችኋለሁ።»

በማግስቱ ገና ሲነጋ ተገናኘን። ጆንያውን አርጥበው፣ ወረቀቱን ዘርግተው ጠብቀውናል። ሐሊማን በሩ ላይ፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን እንዲመጣባት አድርገው በርጩማ ላይ አስቀመጧት። እኔ ስልኩን ፊቴ አቁሜ እርሳሴን አነሳሁ።

«ሲስቅ ብርሃኑ የት ነበር የሚያርፍበት?» ብለው ጠየቋት።

እሷ እጇን የራሷ ጉንጭ አጥንት ላይ አሳረፈች። «እዚህ። ሲያልበው ደግሞ እዚህ» ብላ ግንባሯን ነካች።

«በቃ፣ ፎቶ፤ ዳሩን ከወሰድሽ ስልኩን አስቀምጪው» አሉኝ። «እናትየው ተቀምጣልሽ ከስልክ ትፈልጊያለሽ?»

ያኔ ገና አየኋት። ሁለት ቀን ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር፣ ፊቴን ግን ስልኩ ላይ ተክዬ ነበር። ዓይኔን አጠበብኩ። ጥቁር ያልኩት ፊት አንድ ጥቁር አልነበረም። የጉንጯ አጥንት ላይ ከወረቀት የማይተናነስ ብርሃን አለ፤ ከሥሩ አራት፣ ወደ ጆሮዋ አምስት፣ ከአገጯ ሥርና ከዓይኗ ጎድጓዳ እስከ ሰባት የሚወርድ ጥላ። ሁሉም ሳጥኖቼ እዚያ ነበሩ።

ጋሽ ይመር ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀመጡ። እንደዚያ አድርገው ነው ያሠሩኝ። ጉንጭ አጥንቱን፣ ግንባሩን፣ የታችኛውን ከንፈር ጫፍ፣ ዓይን ውስጥ አንዲት ነጥብ ባዶ አስተዉኝ። ቀሪውን በሦስተኛው ጥላ ሸፈንኩት። ሲደርቅ አራት። ከዚያ አምስት። አምስት ላይ ብሩሼ ቆመ።

«ቀጥዪ።»

«ይበላሻል ጋሽ ይመር።»

«ሲደርቅ እንደሚገረጣ ረሳሽው? አሁን ያየሽው ስድስት ነገ አምስት ነው። ጨምሪ።»

ጨመርኩ። ስድስት፣ ሰባት። ከአገጩ ሥር፣ ከዓይኖቹ ጎድጓዳ። ጨርሼ ቀና አልኩ። በነጩ ወረቀት መሐል ያለው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ያው ፎቶ ነው፤ በእጄ ደገምኩት። ከመንገዱ ማዶ የሐሊማ መኪና ጥሩምባ ነፋ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

ጋሽ ይመር ዓይናቸውን አጠበቡ። «ፊቱ ደህና ነው» አሉ። «ጀርባው ነው የዋጠው። ነጭ ጀርባ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ያጠቁረዋል። ጀርባውን ስድስት አድርጊው፤ እስከ ጉንጩ ድረስ፣ በአንድ ትንፋሽ።»

ሌላ ወረቀት ላይ ሞከርኩ። ግማሽ ሳልደርስ ደርቆ መስመር ሠራ። ድጋሚ ሞከርኩ፤ ያው ሆነ። ሰፊ እርጥብ ቀለም ይዞ በፊት ዙሪያ ሳይቆም መዞር የእኔ እጅ የሚችለው አልነበረም። ያ ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ሲጽፍ የኖረ ሰው እጅ ይፈልጋል። ጥሩምባው ሁለተኛ ተነፋ።

ጋሽ ይመር እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አወጡ።

«ግድግዳ ነው» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። «ግድግዳ ሩህ የለውም።» ትልቁን ብሩሽ ጠጥቶ እስኪጠግብ ነክረው ከጆሮው ጀመሩ። ብሩሹ ሳይቆም ወረደ፤ አንገት፣ ትከሻ፣ ተመልሶ በሌላው ጎን ሽቅብ። ጉንጩ ጋ ሲደርሱ ግን ፍጥነታቸው ለቅጽበት ቀነሰ። የእኔ የእርሳስ መስመር እዚያ ጋ ተሳስቷል፤ እንደ ፎቶ ቤት ደንበኞቼ ጉንጩን አክብቤው ነበር። ጋሽ ይመር ሐሊማን አንዴ ቀና ብለው አዩና መስመሬን ትተው ወደ ውስጥ ቆርጠው ገቡ። የሐሊማ መንጋጋ ወረቀቱ ላይ ወጣ። እኔ አየሁ። ማየቴንም አወቁ።

ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ አልጨመርንም። ጀርባው ጠቁሮ ሲያበቃ ግን ጉንጩ በራ። ጥቁር ወጣት ነው፤ ጥቁረቱ ሳይነካ፣ ግንባሩ ላይ ጧት ያረፈበት፣ ሊስቅ የተቃረበ።

ሐሊማ ከበርጩማው ተነስታ መጥታ ቁጢጥ አለች። ወረቀቱን አልነካችውም። ዝቅ ባለ ድምፅ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ለእኛ ሳይሆን ለእሱ። ጋሽ ይመር ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዞሩ። ከዚያ በሁለት ካርቶን መሐል አድርገን ጠቀለልንላት፤ ደረቷ ላይ ይዛው መኪናው ውስጥ ገባች።

መኪናው ከሄደ በኋላ «ምን አለችው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ ከሰላምታ ያለፈ አፋርኛ አልችልም፤ እሳቸው ግን አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር።

ብሩሹን ሳያጥቡ ውሃው ውስጥ ትተውት ነበር። «በልተሃል ወይ አለችው» አሉኝ።

ብሩሹን አውጥቼ አጠብኩት። «እርስዎ የቀቡት ግድግዳውን ብቻ ነው» አልኳቸው በመጨረሻ፤ ላጽናናቸው ፈልጌ ነው። «መንጋጋው የኔ ነው። አይተሽኛል፤ አትዋሺኝ» አሉኝ። «አባቴን ሳገኘው ምን እንደምለው አላውቅም።» በዚያ ቀን ሱቃቸውን አልከፈቱም። ከዚያም በኋላ ስለ ሙሳ አንስተን አናውቅም። እኔም ሰው ሳይለምነኝ ማቅላት ተውኩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማውን የባነር ማተሚያ ሞላው፤ ታፔላ የሚያጽፍ ጠፋ፤ እሳቸውም ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ልጃቸው ወደ አዋሽ ሄዱ። በየዒዱ እደውልላቸው ነበር። «ስንተኛው ላይ ደረስሽ?» ይሉኝ ነበር። «ሰባት» ስላቸው ይስቃሉ።

አዋሽ ስደርስ ለተዕዚያው፣ ለለቅሶው፣ የተተከለው ድንኳን በሰው ተሞልቶ ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሽማግሌ፣ ከወሎ አብረዋቸው የወረዱ ናቸው አሉ፣ ስለ ሟቹ ይናገራሉ። «ይመር ለአባቱ የሰጠውን ቃል ጠብቆ የሞተ ሰው ነው» አሉ። «ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ይዞ፣ ከእጁ ሩህ ያለው ነገር ሳይወጣ ሄደ።» ሰዉ ማሻአላህ አለ። ብናገር የሞተን ሰው ክብር ልቀንስ ነው። ዝም ብል ደግሞ ያንን ጧት እንዳልነበረ ላደርገው ነው። አንገቴን ደፍቼ ምንጣፉን ሳይ ከድጃ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ክፍል አስገባችኝ። ፊቷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የማውቀው ድምፅዋን ብቻ ነበር።

«ሰውየው የተናገሩት ከበደሽ አይደል?» አለችኝ። «ነግሮኛል። አንቺ፣ እናትየዋ፣ መንጋጋው፣ ሁሉንም።»

«ይፈራ ነበር?» አልኳት። ከእሷ ጋር ሳወራ እሳቸው ማለቱም ጠፋኝ።

«ይፈራ ነበር። አልዋሽሽም። አልጋ ከያዘ በኋላ በየሶላቱ አላህ ይማረኝ እያለ ኢስቲግፋር ያደርግ ነበር» አለችና እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «ግን ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን ጠርቶኝ፣ አኼራ ላይ ከተጠየቅኩ የምለውን አግኝቻለሁ አለኝ። ምን ትላለህ አባባ አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«አዳይቱ ያለችውን እናት ጥሩልኝ፤ ልጇን ስታየው ምን እንዳለችው እሷ ትንገራችሁ እላለሁ አለኝ።»